ሰኞ ለሥራ፣ ቅዳሜ ለትራክ፦ ያገለገለ የጀርመን መኪና ፍለጋዬ

ጥቅምት 27

ከመስከረም ወዲህ ሐሳቤን የያዘውን ጉዳይ ዛሬ መመዝገብ ጀመርኩ። አንድ የሥራ ባልደረባዬ ዌስት ቨርጂኒያ ውስጥ ሰሚት ፖይንት ወደሚባለው የመኪና መሮጫ ሜዳ (ትራክ) ይዞኝ ሄዶ ነበር። ከቨርጂኒያዋ አሌክሳንድሪያ አንድ ሰዓት ተኩል ግድም ያስኬዳል። ዋናው ትራክ ሁለት ማይል ርዝመትና አሥር ኩርባ አለው። ከአሰልጣኞቹ አንዱ ጎኑ አስቀምጦ አራት ዙር አዞረኝ። ፍጥነቱን ጠብቄው ነበር፤ ያልጠበቅኩት ፍሬኑን ነው። ረጅሙ ቀጥታ መንገድ ሊያልቅ ሲል፣ እኔ በልቤ «አሁንስ አለፈን» ባልኩበት ቦታ እሱ ገና ነዳጅ እየሰጠ ነበር። ከዚያ ፍሬኑን አንዴ በኃይል ረገጠው፤ መኪናው አፍንጫውን ደፋ፤ ቀስ እያለ እግሩን እያነሳ ወደ ኩርባው አስገባው። የእጁ እርጋታ እስካሁን ዓይኔ ላይ አለ። ስንወርድ የኋላውን ወንበር አየሁት። የልጅ መቀመጫ ለብዙ ጊዜ ታስሮበት ቆዳው ጎድጉዷል። ሰውዬው በዚያው መኪና ልጁን ትምህርት ቤት ያደርሳል ማለት ነው።

እኔም የምፈልገው ይህንኑ ነው። አራት በር፣ የእጅ ማርሽ፣ የአራት ዓመቷ ልጄ የምትቀመጥበት ምቹ ኋላ ወንበር፣ በዓመት ሦስት አራት ጊዜ ደግሞ ትራክ። ያለኝ ገንዘብ 14,000 ዶላር ነው። ይህ መግዣው ብቻ አይደለም፤ ማስተካከያው፣ ጎማው፣ የራስ ቁሩ፣ የመጀመሪያው ቀን መመዝገቢያ ሁሉ ከዚሁ ይወጣል። ብድር አልገባም። ከባለቤቴ ጋር የተስማማነው በዚህ ነው።

ስለ ትራክ ቀን፣ ማለትም ሰው በገዛ መኪናው ትራክ ላይ መንዳት ስለሚማርበት ቀን፣ ሳወራ ብዙ ሰው ውድድር ይመስለዋል። ውድድር አይደለም፤ ሰዓት የሚይዝ የለም፤ አሸናፊም የለም። ጀማሪ አጠገብ አሰልጣኝ ይቀመጣል። አንዱ ሌላውን የሚያልፈው ፊት ያለው ሾፌር እጁን በመስኮት አውጥቶ «በዚህ በኩል እለፍ» ብሎ ሲያሳይ ብቻ ነው። ቨርጂኒያ ውስጥ ደግሞ በመንገድ ላይ ከ85 ማይል በላይ መንዳት በወንጀል ያስከስሳል፤ እንደ ተራ የፍጥነት ቅጣት ከፍለህ የምትገላገለው አይደለም። መኪና አያያዝ በትክክል መማር የፈለገ ሰው ቦታው ትራክ ነው።

ኅዳር 9

ለሁለት ሳምንት ማታ ማታ የተሸጡና የሚሸጡ መኪኖችን ስመለከት ቆየሁ። ለምን ጀርመን? ለእኔ ምክንያቱ ግልጽ ነው። አራት በር ያለው፣ ኋላ ጎማው የሚገፋ፣ የእጅ ማርሽ ያለውና መሪው መንገዱን ለእጅ የሚነግር መኪና በብዛት የሠሩት እነሱ ናቸው። ዕቃውም በየቦታው ይገኛል።

ያየኋቸውን በተራ ልጻፍ። የመርሴዲስ ሲ63 ድምፁ ልብ ይሰርቃል፤ 6.2 ሊትር፣ ስምንት ፒስተን፣ 451 ፈረስ ጉልበት። ግን በእጅ ማርሽ አይመጣም፤ የቀደምቶቹ ዓመታት ሞተሮች ደግሞ የቴስታታ (የሞተሩ የላይኛው ክፍል) ቡሎናቸው ችግር የታወቀ ነው። ተወ። የአውዲ ኤስ4፣ ከ2010 ሞዴል ጀምሮ ያለው፣ 333 ፈረስ ጉልበት አለው፤ አራቱም ጎማ ይገፋል፤ ለበረዶ ቀን ከሱ የሚሻል የለም። ክብደቱ ግን ወደ ፊት ያደላል፤ ትራክ ላይ የፊት ጎማና የፊት ፍሬን ይበላል። የ1997 እና የ1998ቱ አራት በር የቢኤምደብሊው ኤም3 ቀላልና ደስ የሚል መኪና ነው፤ ግን ዕድሜው ሠላሳ ዓመት እየነካ ነው፤ በየቀኑ ልጅ ልጭንበት አልደፍርም። ቀጥሎ የመጣው የኢ46 ትውልድ ውስጥ 330አይ ጥሩ ነበር፤ የኋላው አክሱል የሚታሰርበት ወለል ስንጥቅ ስለሚያወጣ ከሥር ገብቶ ሳያዩ መግዛት አይቻልም።

የቀሩት ሦስቱ ሁሉም ከአንድ ቤት ናቸው፦ ኢ90 የሚባለው የቢኤምደብሊው 3 ሲሪየስ ትውልድ። 335አይ፣ ኤም3 እና 330አይ። ጭንቀቴ በእነዚህ መካከል ነው።

ኅዳር 23

ዛሬ ከቤተ ክርስቲያን መልስ ጋሼ ጋ ሄድኩ። ጋሼ መካኒክ ነው፤ በወጣትነቱ ሶማሌ ተራ ዕቃ እየለየ፣ ሞተር እየፈታ ያደገ፣ እዚህ ከመጣ ደግሞ ጀርመን መኪና ላይ ብቻ የሠራ ሰው። ሦስቱን ስነግረው ቡናውን ይዞ ዝም ብሎ ሰማኝ።

«335ቱ ስንት ዓመቱ ነው?» አለ።

«የ2008።»

«ሁለት ቱርቦ ያለው ሞተር ነው። መንገድ ላይ ወርቅ ነው። ትራክ ወስደህ ሃያ ደቂቃ ስታስሮጠው ግን ዘይቱ ይፈላብሃል፤ ኮምፒውተሩም ሞተሩን ለማዳን ጉልበቱን ይቆርጠዋል። የዘይት ማቀዝቀዣ ትጨምራለህ። ከዚያ የነዳጅ ፖምፓውን ትጠይቃለህ፤ ከዚያ ቤንዚን የሚረጩትን። ይሠራል፤ ግን በየተራ ይጠይቅሃል።»

የነዳጅ ፖምፓው ነገር እውነት ነው። በ2010 አሜሪካ ውስጥ ባለቤቶች እንዲያስቀይሩ በይፋ ተጠርተውበታል። 300 ፈረስ ጉልበት በዚህ ዋጋ ማግኘት ዓይን ያስጎመጃል፤ የዋጋው ርካሽነት ምክንያት ግን አለው።

ጋሼ ያለኝን ሌላ ነገር አስምሬበት አስቀምጣለሁ፦ «ልጄ፣ ትራክ የምትወስደው መኪና ግድግዳ ላይ ትተኸው በእግርህ ብትመለስ ቤትህ የማይፈርስበት መሆን አለበት።» የተለመደው የመኪና መድን ብዙ ጊዜ በትራክ ላይ የደረሰን ጉዳት አይሸፍንም። ለቀኑ ብቻ የሚገዛ መድን አለ፤ የሚከፈለውም በመኪናው ዋጋ ልክ ነው። ስለዚህ መኪናው በተወደደ ቁጥር እያንዳንዱ የትራክ ቀን አብሮ ይወደዳል። ይህን ስሰማ የሒሳቤ አያያዝ ሁሉ ተለወጠ።

ታኅሣሥ 5

335አይ ለማየት ሜሪላንድ ሄድኩ። ለሻጩ ከአንድ ቀን በፊት «እባክህ ሞተሩን ሳታስነሳ ጠብቀኝ» ብዬው ነበር። ስደርስ መዳፌን ኮፈኑ ላይ አሳረፍኩ፤ ሞቋል። «ቦታ ለመቀየር ነው ያስነሳሁት» አለ። ሊሆን ይችላል። ከመሪው ሥር ያለው ሶኬት ላይ የስህተት ማንበቢያዬን ሰካሁ። አንድም ስህተት የለም። ግን ኮምፒውተሩ ራሱን የሚፈትሽባቸው ምርመራዎች አብዛኛዎቹ «አልተጠናቀቀም» ይላሉ። ይህ የሚሆነው ባትሪ ሲነቀል ወይም ስህተቶቹ በቅርብ ሲጠፉ ነው። ፈተናዎቹ እስኪያልቁ መኪናው ብዙ መነዳት አለበት፤ ማስመሰል አይቻልም። አመስግኜው ተመለስኩ።

ያገለገለ መኪና የሚገዛ ሰው ሁሉ ይህችን ማንበቢያ ይያዝ። ሃያ ሠላሳ ዶላር ነች። የሞተር ማስጠንቀቂያ መብራት አለመብራቱ ብቻውን ምንም አይነግርም፤ የፈተናዎቹ መጠናቀቅ ግን ብዙ ይናገራል።

ታኅሣሥ 19

ዛሬ ኤም3ቱን ነዳሁት። ከባልቲሞር አለፍ ብሎ ነበር፤ የ2009፣ አራት በር፣ የእጅ ማርሽ፣ ጥቁር ሰማያዊ። አራት ሊትር፣ ስምንት ፒስተን፣ 414 ፈረስ ጉልበት። ኃይሉ እስከ 8,300 ዙር እየጨመረ ይሄዳል። ሌላ መኪና «ማርሽ ቀይር» በሚልበት ቦታ ይህ ገና መዝፈን ይጀምራል። ወደ ቤት ስመለስ ሬዲዮ ሳልከፍት ነው የመጣሁት።

ዋጋው 21,000 ነው። ከዚህ ሞተር ጋር ደግሞ አንድ የታወቀ ጉዳይ አለ፤ ቤላው (የፒስተኑ ዘንግ) ኮሎው (የሞተሩ ዋና ዘንግ) ላይ የሚቀመጥበት ኩሽኔታ ቶሎ ይበላል። ሲያልቅ ሞተሩን ይዞ ይጠፋል፤ ስለዚህ ሰው ሳይሰበር በፊት ያስቀይረዋል። ሥራው በሺዎች የሚቆጠር ዶላር ነው። ዘይቱም ተራ ዘይት አይደለም፤ 10ደብሊው-60 ነው።

ማታ ለባለቤቴ ስለ መኪናው ሳወራ ዝም ብላ ሰማችኝና «ስንት ጊዜ ትራክ ትወስደዋለህ?» አለችኝ። አሰብኩት። በብድር ገዝቼው፣ ኩሽኔታውን ለውጬ፣ ለቀኑ መድን ከፍዬ፣ በፍርሃት ኩርባ ውስጥ ስገባ ታየኝ። ምናልባት በዓመት አንዴ። የምፈልገው መኪናውን መያዝ ሳይሆን መማር ከሆነ ይህ መልሴ አይደለም። መወሰኑ ከበደኝ፤ ግን ወሰንኩ። ለሻጩ በጨዋ ደንብ ደውዬ «አይሆንልኝም» አልኩት።

ጥር 13

የጥምቀት ሰሞን ነው፤ ብርዱ ደግሞ አጥንት ይሰብራል። ዛሬ ጠዋት ፍሬድሪክስበርግ አንድ የ2006 330አይ አየሁ። ይህ ሞተር ያለበት ኢ90 330አይ አሜሪካ የተሸጠው ለዚያ አንድ የሞዴል ዓመት ብቻ ነው። በቀጣዩ ዓመት ሞተሩ በ328አይ ስም ጉልበቱ ወደ 230 ዝቅ ብሎ ቀጠለ። ይህኛው 255 ነው። ቱርቦ የለውም፤ ስድስት ፒስተን በአንድ ረድፍ፤ መሪው በዘይት ግፊት የሚሠራ። የሞተሩ አካል ውጭው ማግኒዚየም፣ ውስጡ አሉሚኒየም ነው፤ ቀለል ያለው በዚህ ምክንያት ነው።

ባለቤቱ ጡረታ የወጡ አዛውንት ናቸው። 118,400 ማይል ነድተውታል። ከሰላምታ በኋላ መጀመሪያ ያመጡልኝ ወፍራም ማኅደር ነው፤ ከ2006 ጀምሮ ያለ ደረሰኝ ሁሉ በዓመት በዓመቱ ተቀምጧል። ቁጭ ብዬ ግማሽ ሰዓት አነበብኩት። ዘይት በየ7,000 ማይሉ ተቀይሯል። የካምቢዮና የዲፈረንሺያል ዘይት ሁለት ጊዜ ተለውጧል፤ ይህን የሚያደርግ ሰው ከመቶ አንድ አይገኝም። የውኃ ፖምፓው ግን የለም። አራት ጊዜ ገለበጥኩት፤ የለም። ስለዚህ ያለው ከፋብሪካ የወጣው ነው ማለት ነው።

ኮፈኑን ነካሁ፤ በረዶ ነው። ሲነሳ ለጥቂት ሰከንድ ቲክ ቲክ አለና ዝም አለ። ያ የዚህ ሞተር የተለመደ ድምፅ ነው፤ ቫልቮቹን የሚገፉት ዘይት እስኪሞሉ የሚሰማ። ከማርሚታው ሰማያዊ ጭስ የለም። ፈተናዎቹ ሁሉ «ተጠናቋል» ይላሉ።

ከዚያ በባትሪ መብራት ወደ ውስጥ ገባሁ። የዘይት ፊልትሮው ቤት ሞተሩ ላይ በሚያርፍበት ቦታ ጥቁር እርጥበት አለ፤ ጓርኒሲዮኑ (በመካከላቸው ያለው ማሸጊያ) በዕድሜ ደርቋል። ጣቴን አስገብቼ ከሥሩ አበስኩት፤ ትኩስ ዘይት ነው፤ ወደ ቺንጋው (የሞተሩ ቀበቶ) አቅጣጫ ወርዷል። ይህ ትንሽ ፍሳሽ ይመስላል፤ አይደለም። ቺንጋው ዘይት ሲጠግብ ከመንገዱ ይወጣል፤ ሲበጣጠስ ደግሞ ከዋናው ፑሊ ኋላ እየተጠቀለለ በዘይት ማገጃው በኩል ወደ ሞተር ሊገባ ይችላል። ጓርኒሲዮኑ ራሱ የጥቂት ዶላር ዕቃ ነው።

ጎማዎቹ ጥርሳቸው ሙሉ ነበር። ጎናቸው ላይ ግን መጨረሻው አራት አሃዝ «2212» ይላል፤ የ2012 ሃያ ሁለተኛ ሳምንት ማለት ነው። ጥርስ ቢኖረውም ላስቲኩ ደርቋል። መንገድ ላይ ስነዳው የፊት ማያያዣ እጆቹ ላስቲኮች እንዳለቁ በመሪው ታወቀኝ፤ ፍሬን ስይዝ ይንቀጠቀጣል። ፍሪሲዮኑ ደህና ይዟል። ሦስተኛ ማርሽ ሲገባ እንደ ቅቤ ነው።

8,900 ጠይቀው ነበር። ያየሁትን ሁሉ ሳላጋንን ነገርኳቸው፤ በ7,800 ተስማማን። ሰነዱን ሲፈርሙልኝ እጃቸው ትንሽ ዘገየ። «መኪናዋን ይወዷት ነበር?» አልኳቸው። «ባለቤቴ ናት የመረጠቻት» አሉ። ከዚያ በላይ አልጠየቅኩም። ማኅደሩን ሲሰጡኝ እንደ ሰው ፎቶ ነው የተቀበልኳቸው።

የካቲት 1

ታርጋና የቨርጂኒያ የሽያጭ ታክስ አለቀ። ታክሱ 4.15 በመቶ ነው፤ 324 ዶላር ግድም ወጣ።

ጋሼ መኪናዋን ክሪክ ላይ አውጥቶ ከሥር አያት። ዝገት የለም። የፊት ማያያዣ እጆቹ ላስቲክ ተሰንጥቋል፤ የዲፈረንሺያሉ አንዱ ማረፊያ ላላ ብሏል። ሌላው ሁሉ ዕድሜውን የሚመጥን ነው። «ጥሩ ገዝተሃል፤ አሁን ውኃዋን ሳታስተካክል ከከተማ እንዳትወጣ» አለኝ።

የካቲት 15

ሁለት እሑድ በውኃ ፖምፓ ሥራ አለቀ። በዚህ መኪና ፖምፓው በቺንጋ አይዞርም፤ የራሱ ኤሌክትሪክ ሞተር አለው። ሲሞት ብዙ ጊዜ ሳያስጠነቅቅ ነው፤ ድንገት ሙቀት መብራት ይበራና ትቆማለህ። ይህን ያህል ማይል ሄዶ ያልተለወጠ ፖምፓ ይዞ ትራክ መግባት ሞተሩን አሳልፎ መስጠት ነው። ቴርሞስታቱንም አብሬ ቀየርኩ፤ ቦታው አንድ ስለሆነ ሁለት ጊዜ መግባት አያስፈልግም።

ስለ ቡሎኖቹ አንድ ነገር ልጻፍ፤ ብዙ ሰው የሚሳሳትበት ነው። ማግኒዚየሙን የሚነኩ ቡሎኖች አሉሚኒየም ናቸው። ሲጠብቁ ስለሚለጠጡ አንዴ ከተፈቱ ተመልሰው አይገቡም፤ አዲስ ይገዛል። ባመጣሁት ጥቅል ውስጥ አንዱ ጎደለብኝ። ጠረጴዛው ላይ ልክ በዚያው መጠን የብረት ቡሎን ነበረ። እሑድ ማታ ነው፤ ሱቅ የለም። አንስቼ ላስገባው ስል ጋሼ እጄን ያዘ።

«ብረትና ማግኒዚየም እርጥበት ሲያገኛቸው ይበላላሉ» አለ። «የሚበላው ደግሞ ብረቱ አይደለም፤ የሞተርህ አካል ነው። ዛሬ ይይዛል። ከሁለት ክረምት በኋላ ስትፈታው ጥርሱን ይዞ ይወጣል። ነገ ይምጣ።»

በማግስቱ መጣ። በመጀመሪያ በመለኪያ ቁልፍ፣ ቀጥሎ በዲግሪ (በተወሰነ ማዕዘን ዞሮ) ጠበቀ።

ውኃውን ሞልቶ አየር ማስወጣቱ ደግሞ ደስ የሚል ነበር። ሞተሩ አይነሳም። ቁልፉን ትከፍታለህ፤ ማሞቂያውን ጫፍ ድረስ፣ ነፋሱን ትንሹ ላይ ታደርጋለህ፤ ነዳጅ መርገጫውን እስከ ወለል ለአሥር ሰከንድ ትረግጣለህ። ያን ጊዜ ፖምፓው በራሱ ይነሳና አሥራ ሁለት ደቂቃ ያህል ውኃውን ያዞራል። ጸጥ ባለ ጋራዥ ውስጥ ሁለታችን ቆመን ያንን የፖምፓ ጩኸት ስንሰማ፣ በማጠራቀሚያው ውስጥ አረፋ እየወጣ ውኃው ዝቅ ሲል፣ ጋሼ በቀስታ እየጨመረበት አየሁት። ባትሪው እንዳይደክም ቻርጀር ላይ አስረነው ነበር።

የፊልትሮው ጓርኒሲዮንም በዚያው ተቀየረ። ቺንጋው ዘይት ነክቶት ስለነበር አብሮ ወጣ። ለፖምፓ፣ ለቴርሞስታት፣ ለቱቦ፣ ለጓርኒሲዮንና ለማቀዝቀዣው ፈሳሽ 780 ዶላር፤ ለቺንጋ፣ ለዘይትና ለፊልትሮ 160። ጋሼ ለእጁ ዋጋ አልቀበልም ብሎኝ ተጨቃጨቅን። በመጨረሻ በዶሮ ወጥ ታረቅን፤ ጾም ስለሚገባ ግን ከፋሲካ በኋላ ነው የሚበላው።

መጋቢት 12

ፍሬን። ለትራክ ከሞተር ጉልበት ይልቅ ገንዘብ የሚገባው እዚህ ነው ብዬ አምናለሁ።

የፍሬን ዘይት ከአየር እርጥበት ይመጥጣል። ዶት 4 የሚባለው ደረጃ አዲስ ሲሆን ቢያንስ 230 ዲግሪ፣ ውኃ ከመጠጠ በኋላ ቢያንስ 155 ዲግሪ ሴልሺየስ እስኪደርስ መፍላት የለበትም። ልዩነቱን ልብ በሉ። ትራክ ላይ ፍሬኑ ሲግል፣ ውኃ ያዘለው ዘይት ፈልቶ እንፋሎት ይሆናል። እንፋሎት ደግሞ ይታመቃል። ፔዳሉን ስትረግጥ የምትገፋው የፍሬኑን ሸራ ሳይሆን እንፋሎቱን ነው፤ እግርህ ወለል ይነካል። መኪናዋ ውስጥ የነበረውን ዘይት በጠርሙስ ስንቀዳው እንደ ጠቆረ ሻይ ነበር። አዲሱ ከ300 ዲግሪ በላይ የሚችል ነው፤ 45 ዶላር። የቀኑ አዘጋጆች አብዛኛዎቹ ዘይቱ በቅርብ ጊዜ መለወጡን ያጣራሉ፤ ማጣራታቸው ልክ ነው።

ለሸራው ሁለት ጥንድ ያዝኩ። የትራኩ ሸራ ቀዝቃዛ ሲሆን ደካማ ነው፤ ይጮኻል፤ ዲስኩንም ይበላል። በየቀኑ ከልጄ ጋር በእሱ አልነዳም። ከትራክ በፊት ባለው ምሽት አስገባለሁ፤ ሲመለስ አወጣለሁ፤ አንድ ሰዓት ነው። የፊትና የኋላ 330 ዶላር።

ጎማውም እንዲሁ። ያገለገሉ አራት ባለ 17 ኢንች ቸርኬ በ400 ገዛሁ፤ አራቱም አንድ ስፋት ናቸው። መኪናዋ የመጣችበት 18 ኢንች የኋላው ሰፊ፣ የፊቱ ጠባብ ነው። አንድ ዓይነት ሲሆን ጎማ ከፊት ወደ ኋላ ማዞር ይቻላል፤ ዋጋውም ይቀንሳል። አዲስ ጎማ 620። የፊት እጆቹና የዲፈረንሺያሉ ማረፊያ 420፤ ጎማ ማስተካከያ 140።

ስኮርታ እንደሌላት አሁን ነው ያስተዋልኩት። ከፋብሪካ ስትወጣ አየር ቢወጣበትም ጥቂት በሚሄድ ጎማ ስለመጣች ቦታውም የለም። ትንሽ መንፊያና መድፈኛ ሻንጣው ውስጥ አስቀመጥኩ።

ሚያዝያ 20

ከሥራ መልስ ዋሽንግተንን በሚዞረው የቤልትዌይ መንገድ ትራፊክ ውስጥ ሁለት ወር ነዳኋት። ፍሪሲዮኑ ለስላሳ ነው፤ እግር አያደክምም። ልጄ ከኋላ ትተኛለች። ቤንዚን ፕሪሚየም ይፈልጋል፤ ይህ ከወር ወጪዬ ላይ ይታወቃል። የቨርጂኒያን ዓመታዊ የደህንነት ምርመራ ያለ ምንም አስተያየት አለፈች።

የዘይት መጠን የምታይበት ዘንግ የላትም። በፍሬቻው ዘንግ ላይ ያለውን ቁልፍ ተጭነህ ኮምፒውተሩ ነው የሚነግርህ፤ ሞተሩ መሞቅ አለበት። መጀመሪያ ያሳሰበኝ ነገር ነበር፤ አሁን በየሳምንቱ ቅዳሜ ጠዋት አየዋለሁ። እስካሁን አልቀነሰም።

ግንቦት 15

ዛሬ ነበር።

ሌሊት 10 ሰዓት ተነስቼ ሁሉን ከመኪናው አወጣሁ፦ የልጅ መቀመጫ፣ ምንጣፍ፣ መድፈኛ፣ ሳንቲም ሳይቀር። የላላ ነገር ሁሉ ፍሬን ሥር ይገባል። የራስ ቁሬ ኤስኤ2020 የሚል የመኪና እሽቅድምድም ደረጃ ምልክት አለው፤ የሞተር ሳይክሉ ምልክት የተለየ ነው፤ በብዙ ቦታ አይቀበሉትም። ፈታሾቹ ኮፈን ከፈቱ፣ ባትሪው መታሰሩን በእጅ ነቀነቁ፣ የፍሬን ዘይቱን ቀለም አዩ፣ ጎማዎቹን ወዘወዙ። በር ላይ ቁጥር ለጠፍኩ።

አሰልጣኜ ጸጥ ያሉ ሴት ናቸው። በመጀመሪያው ክፍለ ጊዜ ፍጥነት አላስነኩኝም። ባንዲራ የሚይዙትን ሰዎች የት እንደሚቆሙ፣ በየኩርባው ዓይኔ የት ማረፍ እንዳለበት ብቻ ነበር የሚነግሩኝ። «አፍንጫህ ሥር አትይ፤ የምትሄድበትን እይ።» ከሦስት ዙር በኋላ ትከሻዬ ሲወርድ ተሰማኝ።

በሁለተኛው ላይ ስህተቴ ወጣ። ረጅሙ ቀጥታ መንገድ መጨረሻ፣ ኩርባ አንድ ላይ፣ ፍሬኑን ቀስ ብዬ ጀምሬ መጨረሻ ላይ ነው የማጠብቀው። መኪናዋ ክብደቷን ፊት ላይ ጥላ ሳለ መሪ ስጠመዝዝ የፊት ጎማ አልታዘዝ ብሎ ወደ ውጭ ሄደ። «ገልብጠው» አሉኝ። «መጀመሪያ ላይ በሙሉ እግር፤ ከዚያ እየለቀቅክ ግባ።» ባለፈው መስከረም ያየሁት እርጋታ ይህ ነበር ለካ። በአምስተኛው ዙር አንዴ ተሳካልኝ። መኪናዋ በአንድ ትንፋሽ ዞረች፤ መሪው በእጄ ውስጥ ክብደት ያዘ፤ የፊት ጎማዎቹ አስፋልቱን ሲይዙ እንደ ገመድ ሲወጠር ተሰማኝ። 255 ፈረስ ጉልበት ለዚህ አያንስም። ኩርባ አሥርን በትክክል ያልወጣ ሰው ቀጥታው መንገድ ላይ ምንም ጉልበት አያድነውም፤ እኔም ሙሉ ነዳጅ ሰጥቼ ልወጣበት የቻልኩት መኪናዋ ስለማታስፈራኝ ነው።

ከክፍለ ጊዜው ስወጣ ልማድ ሆኖብኝ የእጅ ፍሬኑን ልስብ ስል አሰልጣኟ እጃቸውን ዘረጉ። ፍሬኑ ገና እንደጋለ የእጅ ፍሬን ተስቦ መቆም ጥሩ አይደለም። በማርሽ አስቀምጬ፣ ጎማው ሥር ድንጋይ አድርጌ ወረድኩ። የጎማ ቡሎኖቹን በመለኪያ ቁልፍ ደገምኳቸው፤ 120 ኒውተን ሜትር። ሁለቱ ሩብ ዙር ያህል ተቀበሉ።

ከሦስተኛው በኋላ ኮፈን ስከፍት የመሪ ዘይት ማጠራቀሚያው ክዳን ዙሪያ ረጥቧል። ዘይቱ ሲሞቅ አብጦ ነው፤ ጢም ብሎ ሞልቶ ነበር። በመርፌ ትንሽ ቀድቼ አወጣሁ፤ በአራተኛው አልደገመም። የሞተር ዘይት ሙቀቱን በማንበቢያዋ ስከታተል ዋልኩ፤ ከፍ ብሎ አንድ ቦታ ላይ ቆመ፤ ኮምፒውተሩ አንዴም ጉልበት አልቆረጠም። ፔዳሉ ማታም እንደ ጠዋቱ ጠንካራ ነበር።

ግንቦት 17

ሰኞ። ሸራውን ትናንት ማታ መልሼ ለውጬ ነበር፤ ልጄን ትምህርት ቤት አደረስኩ። «መኪናው ይሸታል» አለችኝ፤ እውነቷን ነው፤ የተቃጠለ ሸራ ሽታ ገና አልወጣም።

በምሳ ሰዓት ሒሳቡን ደመርኩ። መኪናው፣ ታክሱ፣ ዕቃው፣ ጎማው፣ የራስ ቁሩ 330፣ የቀኑ መመዝገቢያ 350፤ በድምሩ 11,699 ዶላር። ከ14,000ው 2,301 ተርፏል። ይህ ለሚቀጥሉት ቀናት ነው፤ አይነካም።

የፊት ጎማዎቹን አይቼ የውጭ ጠርዛቸው ከውስጡ ይልቅ መበላቱን አስተዋልኩ። መኪናዋ ኩርባ ላይ ስትጋደል ጎማው ወደ ውጭ ስለሚያዘነብል ክብደቱን በውጭ ጠርዙ ነው የሚሸከመው። የሾክ አብዞርበሩ ራስ ላይ ቦታ የሚያስይዝ ትንሽ ፒን አለ፤ እሱን አውጥቶ ራሱን ወደ ውስጥ በመግፋት ጎማውን ትንሽ ማጋደል ይቻላል፤ ዕቃ መግዛት አያስፈልግም። ለጋሼ ደወልኩለት።

«እሑድ ና» አለኝ። «ግራውን ሳትነካ ቀኙን እንዳትፈታ። ዶሮ ወጡንም ይዘህ ና።»